ለፈሪሃ ዓይን የላክሁት ድንጋይ

ሸዋ ሮቢት፣ ዓርብ ግንቦት 12 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ ሙሀባ፣ ባቲ

አሰላሙ ዐለይኪ። ሰላምታዬን እዚህ ላይ አቋርጣለሁ፤ አትቀየሚኝ። ይህችን አንቀጽ እንደጨረስሽ ደብዳቤውን አስቀምጪና ተነሺ። በጋሼ ሸሪፍ እጅ የላክሁልሽን ድንጋይ ከተነከረበት ውሃ አውጪው። በባዶ እጅሽ አትንኪው፤ በጨርቅ ያዢው። ውሃውን ዶሮዎች ከማይደርሱበት ቦታ፣ ከጉድጓዱም አርቀሽ ድፊው። እጅሽን በደንብ ታጠቢና ተመለሺ። እጠብቅሻለሁ።

ተመለስሽ?

ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ፤ የጓዳው ግድግዳ ላይ፣ በከሰል። "ለማን ልጽፍበት ነው?" እያልሽ ትስቂ ነበር። ዛሬ ያንን ከሰል አመሰግነዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዲያነብልሽ አልፈልግም፤ አክስትሽ እትዬ ፋዲላም ቢሆኑ።

ቀኑን ደጋግሜ ቆጠርኩ። ጋሼ ሸሪፍ አህዮቻቸውን እየነዱ ከዚህ የተነሱት ማክሰኞ ግንቦት 2 ነው። ለባቲ የሰኞ ገበያ እንደሚደርሱ ነግረውኛል። ስለዚህ ግንቦት 8 ድንጋዩ እጅሽ ገብቷል። በዚያው ዕለት ከነከርሽው ሰባቱ ቀን የሚሞላው በመጪው ሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት አውጥተሽ ትፈጪዋለሽ። ይህን ደብዳቤ የሚይዘው መኪና ደግሞ ነገ ይነሳል፤ መንገዱ ከፈቀደ እሁድ ማታ ኮምቦልቻ ይገባል። ከዚያ አንድ ገበያተኛ ይዞልሽ ይመጣል። ሰኞ ከሰዓት። ዝናብ ከጣለ ማክሰኞ።

አንቺ ጠዋት። እኔ ከሰዓት። እንደገና ብቆጥረውም ያው ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ልጅ መውለድሽን የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። ስሟ ፈሪሃ መሆኑንም እንዲሁ። ጥለሽው ከሄድሽ ወዲህ ለሰባት ወር ምንም ያልተቀበልሽው ሰው ምን ይላክ? ልብስ ብልክ ትመልሻለሽ። በእኛ ቤት ግን ለመጀመሪያ ልጅ ኩሉን የሚያመጣው አባት ነው፤ የተፈጨ ኩል ጥላሸት ስለሚቀላቀልበት ድንጋዩን እንዳለ ነው የሚያመጣው። እናትየው ሰባት ቀን ነክራ፣ ፈጭታ፣ በጨርቅ ነፍታ ትኩላታለች። ይህን ደግሞ መመለስ እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ። ብልጠቴ መሆኑ ነው።

እናቴ ዘምዘም፣ አላህ ይዘንላትና፣ ጀውሃ ገበያ ላይ ሠላሳ ዓመት ኩል ሸጣለች። ለእሷ በዓለም ላይ ያለው ድንጋይ ሁሉ ሁለት ዓይነት ነበር፤ ለዓይን የሚሆንና ለዓይን የማይሆን። መለያዋ ሦስት ነው። አንስተሽ ስትይዢው ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ሲሰበር ውስጡ እንደ አዲስ ቢላ ያብረቀርቃል። መዳፍሽ ላይ ስታሰምሪበት ጥቁር መስመር ይተዋል። ሦስቱን ያለፈ ኩል ነው።

ይሄኛው ሦስቱንም አለፈ።

የማስተረጉምለት ጣሊያን ድንጋይ መርማሪ ነው፤ ሁላችንም ዶቶሬ እንለዋለን። ከጀውሃ በላይ ካለው ገደላ ገደል ሰባት ቁራጭ ይዘን ስንመለስ፣ አንዷን በፀሐይ አገላብጦ "እርሳስ ነው፤ ጋሌና" አለ። ጋሌና ማለት እኛ የኩል ድንጋይ የምንለው እንደሆነ አሰብ ወደብ ጣሊያንኛ ከተማርኩበት ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ። የእናቴን ሦስት ነገር እኔም አደረግሁ። ከዚያ ሳያየኝ አንዷን ኪሴ ከተትኳት። ዶቶሬውም እናቴም የተስማሙበት ነገር እንዴት ይሳሳታል?

ረቡዕ ዕለት ዶቶሬው ሥራውን በደንብ ጀመረ። ነጭ የሸክላ ሰሌዳ አለው፤ ድንጋይ የሚፋቅበት። ፋቀው። ቀና ብሎ አየኝ፤ ደግሞ ፋቀው። መስመሩ ጥቁር አልነበረም። ቡናማ ነበር፤ ጨርቅ ላይ እንደደረቀ ደም። ጎንበስ ብዬ መዳፌን አየሁ። ሙሀባ፣ መዳፌ ጠይም ነው። የእናቴም መዳፍ ጠይም ነበር። በጠይም መዳፍ ላይ ቡናማው ጥቁር ይመስላል። ሠላሳ ዓመት ማንም ነጭ ሸክላ አላቀረበላትም።

ከዚያ በመዶሻ መታው። የኩል ድንጋይ ሲሰበር እንደ ትንንሽ ሳጥን ማዕዘን እየያዘ ነው የሚሰበረው። ይሄ ግን ተፈረካከሰ። ከፍርካሹ ስስ የሆነችዋን በወረንጦ ይዞ ወደ ፀሐይ አነሳት። ጠርዟ ቀላ። ግራጫ ድንጋይ፣ ውስጡ ቀይ።

"ይሄ ጋሌና አይደለም" አለ፤ ደስ ብሎት።

"ታዲያ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ገና ስም አልሰጠሁትም።"

ትላንት ከሰዓት ደግሞ ፍርካሹን ከሰል ላይ አስቀምጦ በቀጭን የነሐስ ቧንቧ እሳቱን ይነፋበት ጀመር። ነጭ ጭስ ተነሳ። ድንኳኑ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተ። የሰፈሩ ወጥ ቤት ሠራተኛ ተሰማ አንገቱን በበሩ አስገብቶ ወደ እኔ አየና፣

"አብዱ! እኔ ሳልኖር ማነው ወጥ የጣደው? ቅቤውንስ ከየት አመጣችሁት?" አለ።

ዶቶሬው ቧንቧውን ወረወረና "ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!" ብሎ ጮኸ። ተሰማ እየሳቀ ወጣ። "ወጡ አርሮበት ነው የሚቆጣው" አለኝ። እኔም ልስቅ ነበር። ዶቶሬው በመሀረብ አፉን ይዞ ሲያስል አየሁትና ተውኩት።

ውጭ፣ የግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ አስረዳኝ። እሱ ሲደሰት ብዙ ይናገራል። እርሳስና ድኝ ሁለቱ ብቻ ሲጣመሩ የኩል ድንጋይ ይሆናሉ። በዚህኛው ግን ሦስተኛ ገብቷል፤ አርሴኒኮ ይለዋል፤ ለአይጥ ከሚደረገው መርዝ ውስጥ ያለው ነው። ሦስቱ የሚገናኙባቸው ድንጋዮች ትልቅ ቤተሰብ ናቸው አለ። በእርሳሱ ፈንታ መዳብ ወይም ብር ያለባቸው የአጎት ልጆች አሏቸው። ከላይ ሲታዩ ሁሉም ብረት ይመስላሉ፣ እንደ ብረትም ያብረቀርቃሉ፤ ግን በቢላ ይፋቃሉ፣ ሲመቱም እንደ ብርጭቆ ይፈረካከሳሉ። ይሄኛውን የሚመስል በሕይወቱ አንዴ ብቻ አይቷል፤ ያውም የጥፍር ጫፍ የምታክል።

"ብረትም አይደለም፣ ተራ ድንጋይም አይደለም" አለኝ። "የትኛው ቤት እንደማስገባው እስካሁን አላወቅሁም።"

ይህን ለማንም ማስተርጎም አልነበረብኝም። በልቤ ግን አስተረጎምኩት፤ ስለ ራሴ የተነገረ መሰለኝ።

ቀስ ብዬ ጠየቅሁት። "ዶቶሬ፣ እንዲህ ያለውን ሰው በስህተት ፈጭቶ ዓይኑን ቢኳልበትስ?"

"ትልቅ ሰው ይታመማል።"

"ሕፃንስ?"

የሚጽፍበትን እርሳስ ቀረጸ። "ሕፃን ዓይኑን ያሻል" አለ። "ከዚያ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል።"

ቆይቶ፣ ድንጋዩ ውስጥ ያለው እርሳስ ብቻውንም ቢሆን መርዝ ነው፣ ቀስ ይላል እንጂ፣ ሲፈጩት የኖሩ ሰዎች በመጨረሻ እጃቸው ከአንጓው ይወድቃል አለ። የእናቴን ቀኝ እጅ ታስታውሺዋለሽ። በመጨረሻው ዓመት ከአንጓው ተንጠልጥሎ ቀርቶ፣ አንቺ ነበርሽ የምታጎርሻት። ጅኒ ነው ብለን ዱዓ አስደረግን። እሷ ያን እጇን በግራ እጇ እያነሳች "ደክሞት ነው፤ ብዙ ፈጭቷል" ትል ነበር።

ከእሷ የገዙትን ሴቶች ማሰብ አልፈልግም። የአንድ ገበያ ልጆች ሁሉ።

ከዚያ ዶቶሬው የሰበረውንም ጨምሮ ቁራጮቹን ጨርቅ ላይ ደረደረ። "ስድስት" አለ። "ሰባት ነበሩ።"

"ሮቢ ወንዝን ስንሻገር አንዷ ከእጄ ወደቀች" አልኩ።

ረጅም ጊዜ አየኝ። "የት ላይ?" አለ። እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስምንት ሰው ወንዙ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አሸዋ እያጣራ ነው። ከተቀመጥኩበት ጀርባቸው ይታየኛል። አንዱ ድንጋይ ባነሳ ቁጥር ዶቶሬው ይሮጣል። ተሰማ ውሃ ሊያቀብላቸው ወርዶ ነበር፤ ሲመለስ አጠገቤ ቆመና፣

"ወንዙ ውስጥ የለም፣ አይደል?" አለኝ።

መጻፌን ቀጠልኩ።

"ደብዳቤህን ቶሎ ጨርስ" አለ። "ሾፌሩ ዓለሙ የእኔ ሰው ነው፤ የዱቄቱ ከረጢት ውስጥ ይደብቀዋል። ኬላው ላይ ዱቄት አይፈትሹም፤ ልብሳቸውን ያበላሽባቸዋል።"

ለምን ቴሌግራፍ አላስመታህም ትይኝ ይሆናል። ለዶቶሬው እውነቱን ብነግረው ያስመታልኛል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ባቲ ላይ መልእክቱን ይዘው በርሽን የሚያንኳኩት የጣሊያን ፖሊሶቹ፣ ካራቢኒየሪዎች ናቸው። ድንጋዩን ፍለጋ ቤቱን ሁሉ ይበረብራሉ፤ ጓዳውን፣ ቆጡን። በአክስትሽ ቤት ከእናንተ ሌላ ማን እንደሚያድር አላውቅም። ጋሼ ሸሪፍ ባለፈው ከባቲ ሲመለሱ "ደህና ናቸው፤ ሁሉም" አሉኝ። "ሁሉም" የምትለዋን ጫን ብለው ነው ያሏት። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋቸውም። ወንድምሽ ጫካ ከገባ ወዲህ ስለ እሱ አለማወቅን እንደ ሥራ ይዤዋለሁ።

እና አንዲት ተስፋ ነበረችኝ። ስጽፋት አፍራለሁ። ጋሼ ሸሪፍ ስሜን ሲያነሱ ፊትሽን አዙረሽ፣ "የጣሊያን ሎሌ የላከው የልጄ ዓይን ላይ አይደርስም" ብለሽ ጥቅሉን ሳትፈቺ ጥለሽው ይሆናል። ሰባት ወር ሙሉ ልብሽ እንዲራራልኝ ዱዓ ሳደርግ ነበር። ከትላንት ወዲህ እንዳይራራ እለምናለሁ። እንደ ሄድሽበት ቀን ሁኚልኝ። ዶቶሬው የሰጠኝን ባርኔጣ ምድጃው ውስጥ ከተሽ፣ አመድ እስኪሆን ድረስ ቆመሽ እንዳየሽው ቀን።

አላህ በመንገድሽም በቤትሽም ይጠብቅሽ። እትዬ ፋዲላን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። የፈሪሃን ዓይን፣ ምን እንደሚመስል የማላውቀውን፣ ብርሃኑን አላህ አይንሳው።

የአንቺው አብዱልወሃብ

ደብዳቤውን ካጠፍኩት በኋላ እንደገና ፈታሁት።

ስለ ባርኔጣው የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ምን እንደጻፍኩ ያስተዋልኩት ሳጥፈው ነው። አንቺ የተናደድሽበትን ነገር ሜዳ ላይ አትጥይም። እሳት ውስጥ ነው የምትከችው፤ ቆመሽም ታዪዋለሽ፤ ልጅ አዝለሽም ቢሆን። ከታረቅሽኝ ዓይኗ ላይ ነው። ካልታረቅሽኝ ምድጃው ውስጥ ነው፤ ዶቶሬውን ያስጮኸው መርዛም ጭስ ቤቱን ይሞላዋል። ምናልባት ጥቅሉ አሁንም ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የአንቺን ልብ እየጠበቀ ነው። ሰኞ ከሰዓት ለሁለቱም አይደርስም።

ተሰማ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ይህን ሰጥቼው ወደ ወንዙ እወርዳለሁ። ሰዎቹን ከውሃው ውጡ እላቸዋለሁ። ለዶቶሬው ሰባተኛው የት እንዳለ፣ የአክስትሽን ስምና የቤቱን ምልክት እነግረዋለሁ። ቴሌግራፉ ዛሬውኑ ይመታል።

ስለዚህ ከላይ ተነሺ ያልኩሽን ተዪው። ይህን ስታነቢ ወታደሮቹ መጥተው ሄደዋል። ከቤቱ ማን እንደጎደለ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ፈሪሃ ከእቅፍሽ ካለች ግን፣ ሙሀባ፣ ዕድሜ ልኬን ጥዪኝ።