እናታችን የዋጠችው እንክብል

ይድረስ ለወንድሜ ለሻንቆ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ተረዳልኝ። እናታችንን ለዚህ ያበቃት የሳንባ በሽታ አይደለም፤ አንተ ከጆሃንስበርግ የላክህላት እንክብል ነው። ይህን ስታነብ ደንግጠህ ደብዳቤውን አጥፈህ እንዳታስቀምጠው። እስከ መጨረሻው አንብበው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እንዴት ነህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ወይንሸትና ልጆቹ ደኅና ናቸው? ሱቁስ ሰላም ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። እናታችንም በሕይወት አለች፤ ደኅና ናት ብዬ ግን አልዋሽህም። በስልክ ልነግርህ ብሞክር እህታችን ምሕረት ነገሩን ከነገረችህ ወዲህ የእኔንም የእሷንም ቁጥር ስታይ አታነሳም። ስለዚህ ወደዚያ ለሚመለሰው ለበድሉ ይህን ሰጠሁት፤ እጅህ ላይ ሳያደርስ እንዳያድር አደራ ብዬዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በትኩሳት ነው። ጉሮሮዋን አመማት፣ ዓይኗ ቀላ። ሆስፒታል ስንወስዳት ሳንባ ነው ተብላ ውስጥ ደዌ ክፍል ተኛች፤ መርፌም ተጀመረላት። ከዚያ ደረቷ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ወጣ፤ ወደ ጀርባዋና ወደ ክንዶቿ ወረደ፤ ከንፈሯ ቆሰለ። ጠያቂው ሁሉ ምች ነው አለ። አክስታችን አሳየሽ ከዲምቱ ዳማከሴ ይዛ መጥታ ካልቀባኋት አለች። ስከለክላት «ተማሪዎቹ ቢያልቁበት እኛን ሊያስተምር ዞረ!» ብላ አኩርፋ ሄደች።

ተረኛው ሐኪም ያቆሰላት መርፌው ነው ብሎ ለወጠው። ቁስሉ ግን ባሰ። የቆዳ ሐኪም ይይልኝ አልሁ፤ ተጠርቷል አሉኝ። ማንም አልመጣም። እንደገና ብጠይቅ፣ የቆዳ ሐኪም የምትመጣው ተመላላሾቹን አይታ ስትጨርስ ነው፣ ተመላላሹ ደግሞ አያልቅም አሉኝ። ራሴ ወደ ቆዳ ክፍል ብሄድ በረኛው በሽተኛዋን ይዘዋት ይምጡ አለኝ። አንሶላ ሲነካት የምትጮኽን ሴት ግቢውን አቋርጬ በምን ላምጣት? ተመልሼ ለተረኛው ስነግረው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አባባ፣ ቆዳ እኮ ነው፤ አይገድልም። እኛ ሳንባዋን እያየን ነው» አለኝ። ሻንቆ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ከሰውነታችን አካል ሁሉ ሰፊው ቆዳ ነው እያልሁ ስንቱን ትውልድ አሳልፌአለሁ። ይህን ልጅ ማን አስተማረው ብዬ ተናደድሁ። ምናልባት እኔው አስተምሬው ይሆናል ብዬ ደግሞ የባሰ ተናደድሁ።

በመጨረሻ የቆዳ ሐኪሟ ዶክተር ሐመልማል መጣች። መጋረጃውን ጋርዳ ዓይኗን፣ አፏን፣ መዳፏን፣ የእግሯን ውስጥ ሳይቀር አየች። ጀርባዋን በጣቷ ቀስ ብላ ገፋ ስታደርገው ቆዳው እንደ እርጥብ ወረቀት ተላጠ። ትኩሳቱ ሳይጀምራት በፊት ምን መድኃኒት ጀምራ ነበር ብላ ጠየቀች። እኔ «ምንም» አልሁ። ምሕረት መሬት መሬት አየች። ዶክተሯ «እርስዎን አይደለም፤ እሳቸውን ይጠይቁልኝ» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እናታችንን የጠየቃት ሰው አልነበረም። አማርኛዋ አጭር ነውና ሁላችንም ስለ እሷ እንመልስ ነበር። በወላይትኛ ብጠይቃት ከትራሷ ሥር ጠርሙስ አወጣች። ለምን ደበቅሽን ስላት «መድኃኒት መቼ ደበቅሁ? ይሄ ልጄ የላከልኝ ነው» አለች።

ምሕረት ያን ጊዜ ነው አልቅሳ የተናገረችው። «ለጉልበቷ ነው፤ ለጋሼ አትንገሪው፣ ይጨቃጨቃል» ብለሃታል። እናታችን አፏ ቆስሎ መዋጥ ሲያቅታት ምሕረት እንክብሉን ፈጭታ በአጥሚት ትሰጣት ነበር። ኩባያውን የምይዝላት እኔ ነበርሁ። እሱን ባሰብሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አዎ፣ እጨቃጨቅ ነበር! ይህ ለምን ይበጃል፣ ማን አዘዘው፣ ስሙ ማን ነው ብዬ እጠይቅህ ነበር። ይህ ጭቅጭቅ ከሆነ ጨቅጫቃ ነኝ።

ሆስፒታሉንም አልማርሁትም። ያች ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ተጠይቃ ቢሆን ጀርባዋ ባልተላጠ። የሕክምና ክፍሉን ኃላፊ ፊት ለፊት ተናግሬዋለሁ፤ ገና እናገረዋለሁ። ነገር ግን እነሱ ያጠፉት ባለመምጣት ነው፤ አንተ የሰው ዕቃ ውስጥ ደብቀህ በመላክ ነው።

እንክብሉ ከቆመ ወዲህ አዲስ ቁስል አልወጣም። ዓይኗ ግን ገና ያሰጋል፤ የተላጠውም ቦታ መመርቀዝ ጀምሯል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የቫይታሚን ስም ነው፤ ውስጡ ያለው ግን ሁለት ዓይነት እንክብል ነው፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ። ዶክተር ሐመልማል «ስሙን ካላወቅሁ ከምን እንደምጠብቃት አላውቅም። ሳናውቅ ከዚያው ወገን የሆነ ነገር ብንሰጣት ዳግመኛ አትተርፍም» ብላኛለች።

ሌላም አለ። እናታችን እኔን አላመነችኝም። ጠርሙሱን ስወስድባት «ቀንተህበት ነው፤ ልጄ የሚጎዳኝን አይልክም» ብላ አለቀሰች። አሁንም ምሕረት ብቻዋን ስትሆን መልሺልኝ ትላታለች። ከአንተ አፍ ካልሰማች አትተወውም።

ወይንሸትን በጌታ ስም ሰላም በልልኝ። ለትልቋ ልጅህ ለብሩክታይት ስለ ትምህርቷ ሁልጊዜ እንደምጠይቅ ንገራት፤ ታናሽዋን ትዕዛዝን ሳምልኝ። ምሕረት ሰላም ብላሃለች፤ ከእኔ ተደብቃ ነው እንጂ ታለቅሳለች። እናታችን ከንፈሯ ሳይድን፣ እየጻፍሁ ሳለሁ ያስጻፈችኝ ይህን ነው፤ «በልቶ ያድራል ወይ በለው፤ አንተም ልጄን አትቆጣብኝ»።

ተቆጥቻለሁ፣ ንዴቴም ገና አልበረደም። ቢሆንም ንዴቴን ለኋላ ተወው። የሁለቱን እንክብሎች ስም፣ ከማን እንደገዛሃቸው፣ ለአሳየሽም ልከህላት እንደሆነ ጻፍልኝ። ለእናታችንም በራስህ ድምፅ «አትዋጪው» በላት። ወንድሜ፣ በድሉ ይህን በሰጠህ ቀን ስልኩን አንሳና መልስልኝ።

ታላቅ ወንድምህ ጌታሁን
ወላይታ ሶዶ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.