ማንም ሳይጠይቅ የወጣ ማስተባበያ

እሑድ፣ ኅዳር 5 ቀን 1930 ዓ.ም. — ልደታ

ዛሬም ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተቀምጬ ጣሊያኖቹ በአማርኛ የሚያወጡትን ጋዜጣ ለሰፈሩ ሰው አነበብኩ። ድምፄን ሳላነሣ ሳልጥል ነው የማነበው፤ በኋላ እንዲህ ብሎ ነበር እንዳልባል። መንገድ ተሠራ፣ ድልድይ ተመረቀ፣ ሕዝቡ ደስ አለው። ከዚያ አንዲት አጭር ወሬ መጣች፦ «በከተማው ሹማምንት መካከል ጠብ አለ የሚባለው ሐሰት ነው። ሒሳብ የሚመረምር ሰውም ከሮማ አልመጣም።»

ስለ ጠቡም ሆነ ስለ መርማሪው ቀድሞ የሰማ ከመካከላችን አልነበረም።

ጎረቤቴ አባባ በየነ ከት ብለው ሳቁ። «እሰይ! መጣላታቸውንም መስረቃቸውንም ራሳቸው ነገሩን!» ሰዉ ሁሉ አብሮ ሳቀ። ከኋላ የቆመ አንድ የማላውቀው ሰው ብቻ አልሳቀም።

ሰው ሲበተን ወደ እኔ መጣ። «እኚያ ሽማግሌ ቤታቸው የት ነው?» አለኝ በትሕትና።

«አላውቃቸውም» አልኩት።

አባባ ለካ ከጀርባዬ ነበሩ። «ምን ነካህ ልጄ፣ አጥር ለአጥር እየኖርን?» አሉኝና ወደ ሰውየው ዞሩ። «ቤቴ እዚህ ታች ነው። ና፣ ምሳ ቀምሰህ ትሄዳለህ።»

ሰውየው ክንዳቸውን ደግፎ ይዟቸው ሄደ። ከመታጠፉ በፊት ዞሮ አየኝ። የእኔንም ማስተባበያ አንብቦታል።

ይህን የምጽፈው በሬን ቀርቅሬ ነው። የአባባ በር እስካሁን ክፍት ነው፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም።