ዳንቴል የለበሰው ጄኔሬተር

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? ያ ደረጃ ስትወጣ የሚይዝህ ጉልበትህ ተሻለው? ባለቤትህስ ደህና ናት? የሌሊት ሥራውን ለቀቀች ወይስ እንዳለች ናት? ልጆቹስ በርትተዋል? እኛ ደህና ነን። የእማዬ ስኳር ወርዶላታል፤ ቁጣዋ ግን አልወረደም።

የምጽፍልህ በስልክ ስለማታስጨርሰኝ ነው። ባለፈው «የላክሁትን ዕቃ እንደ ውሻ ጓሮ አሰርሽው» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። አዎ፣ አስሬዋለሁ፤ ያውም በሰንሰለት። ከአክስታችን ልጅ የሰማኸው ይበቃሃል፤ አሁን ደግሞ ከእኔ ስማ።

ጄኔሬተሩ የመጣ ዕለት እማዬ እልል ብላ ተቀበለችው። ሳሎን ከሶፋው ጎን አስቀመጠችውና ለቴሌቪዥኑ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው። የመጣ እንግዳ ሁሉ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ እያየ ይመርቅህ ነበር። እኔም ስቄ ተውኩት። ሳይነሣ ዳንቴል ለብሶ ቢቀመጥ ማንንም አይጎዳም።

የአክስታችን ልጅ ግን እዚያው ሳሎን ሊያስነሣው ኖሯል። «ውጭ ካደረ ይሰረቃል፤ ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል» አለኝ። «ጭሱስ?» ስለው «መስኮት እንከፍታለን» አለ። የእማዬ መኝታ ቤት በር ሶፋው አጠገብ እንደሆነ ታውቃለህ። ከጭሱ ጋር የሚወጣው መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ እንደተኛች በዚያው ትቀርብናለች ብል «አንቺ ደግሞ ሟርተኛ ነሽ» ተባልኩ። ቤንዚኑን በጀሪካን ሞልቶ ከምድጃው አጠገብ ሸጎጠው። ከዚያ በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ሽቦ ሠራ። አንዱ ጫፍ ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላው ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካና ቤቱ በሙሉ ይበራል ማለት ነው። ሁሉም አጨበጨበለት።

መብራት የጠፋ ለታ ከሥራ ስመለስ ጎረቤታችን ደጃችን ያለው ምሰሶ ላይ ወጥቷል። ያ ድመቱ የምንለው፣ የመብራት መስመር ጠጋኙ። ከላይ ሆኖ «አይዞሽ፣ አሁን ይመጣል» አለኝ። ስገባ ሽቦው ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። የአክስታችን ልጅ የማስነሻውን ገመድ ጨብጧል፤ እማዬ ዳንቴሉን አጣጥፋ ይዛ ቆማለች። ዋናውን ማጥፊያ ማንም አልነካውም። ገመዱን ቢስበው ኃይሉ በሶኬቱ ገብቶ፣ በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ወጥቶ፣ ድመቱ ኃይል የለበትም ብሎ ወደያዘው መስመር ነበር የሚሄደው።

ስፒናውን መንጭቄ ነቀልኩት። እማዬ «ልጅቷ አበደች» አለች። የአክስታችን ልጅ «ወንድሜ ባሕር አቋርጦ የላከውን አንቺ ማን ሆነሽ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ውጣና ምሰሶው ላይ ያለውን ሰው እየው አልኩት። ወጥቶ አየ። ተመልሶ ገመዱን ሳይነካ ጃኬቱን አነሣና ሄደ። ለአንተ ግን ደውሎ «ስጦታህን አዋረደችው» ማለቱን አልተወም።

እንግዲህ ያዋረድኩት እንዲህ ነው። ጓሮ፣ ከመስኮትና ከበር ርቆ፣ ሲሚንቶ አስፈስሼ አስቀመጥኩት። ቆርቆሮ ጣሪያ አለው፤ ጎኖቹ ክፍት ናቸው፤ የጭስ መውጫው ወደ ቤቱ አይዞርም። የጠራሁት ኤሌክትሪሺያን ወይ ከመስመሩ ወይ ከጄኔሬተሩ እንጂ ሁለቱን ባንዴ የማያስገባ ማዞሪያ ገጠመልን፤ የመሬት ሽቦም ቀበረ። ቤንዚኑን ከምድጃ አርቄ ለብቻው ቆልፌበታለሁ። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ቤንዚን የሚጨምርበት ሰው ከእኔ ጋር ነው ጠቡ። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ አላስነሣሁትም። የእማዬን የስኳር መድኃኒት እንዳይሞቅ ከሥጋ ቤቱ በረዶ እየለመንኩ አቆየሁላት። እሷ ታኮርፋለች፣ እኔ በረዶ እሸከማለሁ።

አሁን መብራት ሲጠፋ ይነሣል፤ ፍሪጁም ይሠራል። የአክስታችን ልጅ ግን ጓሮ በገባ ቁጥር «ወደ ሳሎኑ እንመልሰው» ይላል። አንተም «ካልመለሳችሁት ከእንግዲህ ምንም አልልክም» ብለሃል። አትላክ። ታላቄ ነህ፣ አከብርሃለሁ። እዚህ ቤት የምታድረው ግን እማዬ ናት። በሕይወቴ እያለሁ ያ ሞተር ጣራዋ ሥር አይነሣም።

ይህን ደብዳቤ ያመጣልህ ሰው ትንሽ ጥቅል ይሰጥሃል። የአክስታችን ልጅ ሽቦ ናት፤ በፒንሳ ለሁለት ቆርጫታለሁ። ከነስፒናው ግማሹ ያንተ ነው፤ ግማሹ እኔ ጋ አለ። መልሼ እቀጥላለሁ የሚል ካለ በመጀመሪያ ሁለታችንን ያሸንፍ።

ባለቤትህን ሳምልኝ። ትልቋን በትምህርቷ እንድትበረታ ንገራት፤ ትንሹን አክስትህ ጉንጭህን ነክሳሃለች በለው። የአክስታችን ልጅም እንደ ኩርፊያው ሰላም ብሎሃል። ድመቱ «በርታ» ብሎሃል፤ ከምን እንደተረፈ ነግሬዋለሁ። እማዬ አሁንም ከእኔ ጋር በቅጡ አትነጋገርም። ይህን ስጽፍ ግን በትከሻዬ አሻግራ እያየች «ዳንቴሉን ፍሪጁ ላይ አድርጌዋለሁ በይው» አለችኝ።

እህትህ
ከእማዬ ሳሎን፣ ሚያዝያ 19 ቀን