ለገና ጨዋታ መራጫችን ለቀኛዝማች እንዳላማው፣ መጨረሻ ከወጣው ልጅ

ለተከበሩ ቀኛዝማች እንዳላማው
አምበር

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ በቅሎዎም፣ ጣልያን የሸለመዎ ካባም በደኅና እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ በደሌን ልናዘዝ። ዛሬ በገና ጨዋታ ሩሯን አንድ ጊዜ እንኳ በዱላዬ አልነካሁም፤ የመታሁት የበቅሎዎን ቅልጥም ነው። በቅሎዋ ዝም ብትለኝም እርስዎ በአገር ፊት ልፍስፍስ ብለው ሰይመውኛል። በገና ዕለት ባላገር ጌታውን ቢዘልፍ አይቀጣምና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምስጋናዬን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ልለጥፍ።

አንደኛ፣ ዓምና ሁሉን ቀድሞ የሮጠውን ደምለውን መርጠው፣ ስፖርት ይማራል፣ ጫማም ያገኛል ብለው በጣልያን ካሚዮን ወደ ደብረ ማርቆስ ስለላኩልን እናመሰግናለን። እውነትም ጫማ አግኝቷል። በሰኔ ጫማው ከአንድ ከሸሸ ወታደር ጋር ተመልሶ መጥቷል፤ የደምለው እናት እሜቴ ወለተ ኪዳን የጫማውን ባለቤት እስካሁን ደጃፍ ላይ ይጠብቃሉ።

ሁለተኛ፣ አባቶቻችን ጠላዎ ሲቀዳላቸው ልጆቻቸው ለምን እንደሚመረጡ መጠየቅ ስለሚረሱ፣ ስለ ጠላው በተለይ እናመሰግናለን። ዛሬ የአጎቴን ልጅ ሙላትን እንደ ገበያ ወይፈን ትከሻውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ሲመርጡት፣ አጎቴ ንጉሴ ከደስታው ብዛት ጋቢው ወድቆ አላየውም። ነገ ጠዋት ካሚዮኑ እንደሚመጣና ልጆቹም በአርበኞች ላይ በሚደረገው ውጊያ ከፊት እንደሚሰለፉ ለጣልያኑ ሹም በአስተርጓሚ ሲናገሩ ግን እኔ ሰምቻለሁ። ልፍስፍስ ልጅ በቅሎ ሥር ቢወድቅ ማን ልብ ይለዋል?

ሦስተኛው የግል ምስጋናዬ ነው፤ እግሬን ስለናቁልኝ።

ደምለውን ለሸኙበት ደግነት እግዚአብሔር በዚያው ልክ እንዲከፍልዎ እየለመንኩ፣ ከማያገለግለው ዱላዬ ጋር ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከተጫዋቾች ሁሉ መጨረሻ የወጣው
(ስሜን ያልጻፍኩት በትሕትና ነው)

የዘነጋሁት፦ የመረጧቸው ልጆች ቅድም የሰማሁትን ነግሬያቸው ሮጠዋል፤ ሙላትም ከፊት ነበር። ምርጫዎ ፍጹም እንደነበረ አሁን አየሁ። ወዴት እንደሄዱ አይጠይቁኝ፤ እኔ ተከትዬ የምደርስ ሰው አይደለሁም። ነገ ለካሚዮኑ የሚተርፍዎ ልፍስፍሱ ብቻ ነው።

ፀሐይዋ ጠለቀች መሰለኝ። ከበስተኋላዬ የምታነክስ በቅሎ ኮቴ ይሰማኛል፤ ከበላይዋም እርስዎ፣ ልፍስፍስ ማለቱን ትተው፣ ቀስ ብለው በስሜ «መንበሩ» እያሉ ይጠሩኛል