ከወገባቸው የተቆረጡት ፊደሎች

ሌሊሴ፣

አራስ ልጠይቅ አስኮ ሄጃለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቂው። ያንን በሞተር ፊደል የሚገለባብጥ ሰሌዳሽን ከሶኬት ነቅዬዋለሁ። ቤት ሲቃጠል "ትንሽ ሞተር እኮ ናት" አይባልም።

አሁን እንዳትቆጪኝ። ጠዋት ጠረጴዛሽን ስወለውል ፊደል የጻፍሽባቸው ካርዶች ሁሉ ከወገባቸው ተቆርጠው አገኘኋቸው። ነገ ለሰው የምታሳዪውን ሥራ ተሳስተሽ የቆራረጥሽው መስሎኝ ደነገጥኩ። ግማሹን ከግማሹ እያገናኘሁ በፕላስተር አጣበቅኩልሽ። አሥራ ሁለት ፊደል ደርሼ ነበር።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ የገጠምሻቸውን በጣቴ ገፋ ባደርጋቸው፣ የላይኛው ግማሽ ወደ ታች ተገለበጠና ሌላ ፊደል ወጣ። ለካስ ተቆርጠው ነው የሚሠሩት! ፕላስተሩን ላነሳ ብሞክር ቀለሙ አብሮ ተነሳ።

"እማዬ፣ ያልገባሽን ጠይቂኝ" ትያለሽ። ስጠይቅሽ ግን ያንን የጆሮ ነገር ትሰኪያለሽ።

ይሁን።

አዲስ ካርቶን ገዝቼ አልጋሽ ላይ አስቀምጫለሁ። እስከ አሥር ሰዓት እመለሳለሁ። የቱ ጋ እንደሚቆረጥ በእርሳስ አስምሪልኝ፤ መቀሱን ግን እንዳትነኪ፣ ጣትሽን ይበላሻል። አንቺ ጻፊ፣ እኔ እቆርጣለሁ።

እናትሽ