የሬይ መሰናበቻ

ሰኞ፣ ጠዋት
ወንበር ሳወርድ አረፈድኩ። የቅዳሜው ሬስሊንግ የሬይ መሰናበቻ ነው። እዚህ ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ውስጥ ፖስተሩ ያልተለጠፈበት ፀጉር ቤት የለም። አንተ ታውቀዋለህ፣ ማስታወሻዬ፤ ስንት ዓመት በየከተማው አብረን ታግለናል፤ እሱ የሚጨበጨብለት፣ እኔ የሚጮህብኝ። እኔ ትቼ የግጥሚያ አዘጋጅ ሆንኩ። እሱ መተው አቃተው።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት
ሬይ እኛ ጋ ምሳ በላ። ሹካው ከግራ እጁ ወደቀ። ሳቀ። ደግሞ ወደቀ። ባለቤቴ ሂሩት ነርስ ናት፤ አላመለጣትም። ሲሄድ፣ አንገቱን ኤምአርአይ ይነሣ አለችኝ። ድካም ነው አልኳት። ስልኬን አቀበለችኝ። ደወልኩለት። ሐኪም ኦኬ ብሎኛል አለ። ማመን ፈለግኩ፤ አመንኩ።

ሐሙስ፣ 10 ሰዓት
ልምምድ፤ እንደ ድሮው እኔው አብሬው ገባሁ። አዳራሹ ባዶ፤ ሁለታችን ብቻ። ማን እንደሚያሸንፍ ቀድመን እንስማማለን፤ አወዳደቁ ግን የእውነት ነው። ቀስ አድርጌ ጣልኩት። አልተነሣም። ዐይኑ ጣሪያው ላይ። ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። አምቡላንስ ልጠራ ስል ከለከለኝ፤ እንደምንም ተቀመጠ። ሐኪሙ እንዳይታገል ከልክሎት እንደነበር ያኔ ነገረኝ። ለምን ደበቅከኝ አልኩት።
"ካወቅክ ታስቀረኛለህ ብዬ።"
"አስቀርሃለሁ።"
ቦርሳውን በቀኝ እጁ አንሥቶ ወጣ።

ዓርብ
የሬይን ግጥሚያ ሰረዝኩ፤ የሌሎቹ ይቀጥላል። ኦንላይን ስድብ ዘነበብኝ። ሬይ የሂሩትን እንጂ የእኔን ስልክ አያነሣም። ሆስፒታል የወሰደችውም እሷ ናት። አንገቱ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል።
"ሶ፣ ቢጠላህስ?" አለችኝ።
"ይጥላኝ። በእግሩ ቆሞ ይጥላኝ።"

እሑድ፣ ከቤ/ክ መልስ
ትናንት አዳራሹ መጣ። ሱፍ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ መደገፊያ። ማይኩን ከእጄ ወሰደ። ሊያዋርደኝ ነው ብዬ ደረቅኩ። ሐኪም እንደከለከለው፣ እሱ እንደዋሸ፣ እኔ እንዳስቀረሁት ለተመልካቹ ነገረ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ ተነሥታ አጨበጨበች። ከዚያ ሁሉም ቆመ። ሬይ አለቀሰ። ከሪንጉ ሲወርድ ትከሻዬን ተደገፈ።
"ገና አልታረቅንም" አለኝ።
እሺ አልኩት።

ማክሰኞ
ቀዶ ጥገናው ነገ ጠዋት፣ ዳላስ። ሂሩት እኔ አደርሰዋለሁ አለች። አይሆንም፤ እኔ ነኝ የምነዳው። መንገዱን ሁሉ ባያናግረኝም እነዳለሁ። እስኪነቃም እዚያው እቀመጣለሁ።