ቴሚርን ቦሎት ያልኩት እኔ ነኝ

ለተከበሩ የፈጥኖ ደራሽ አምቡላንስ ድርጅት የጣቢያዎች ስርጭት ጥናት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ቤተሰብዎስ ደህና ናቸው ወይ፣ ከብቶቹስ ብዬ ልጠይቅ ነበር፣ ቢሽኬክ ከተማ ውስጥ ከብት እንደሌለዎት ትዝ ብሎኝ ተውኩት። እኔ አይጃርኪን እባላለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ስለዚህ ስህተት ካገኙ ይለፉልኝ፣ እኛም የእናንተን እንዳለፍነው። ጽፌ ስጨርስ አንዱን ለእርስዎ እልካለሁ፣ አንዱን በሱቁ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ከዛ በኋላ በየት በኩል ውሃ ልቀዳ እንደምሄድ አላውቅም፣ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

መጀመሪያ ላመስግን። በመስተዳድሩ ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁትን ካርታ አየሁት፣ «የጣቢያዎቻችን መልክዓ ምድራዊ ስርጭት ትንተና» ይላል፣ በጣም ያምራል። ቀዩ ነጥብ የአምቡላንስ ጣቢያ ነው፣ አረንጓዴው ሰው ያለበት ነው፣ ግራጫው ነዋሪ የሌለበት የግጦሽ ቦታ ነው። እኛ ግራጫው ነን። ከታች ደግሞ ዘጠና ስድስት ከመቶ ሕዝብ ተሸፍኗል ይላል፣ እኔ ስምንት ወር የሞላው ሆዴን ይዤ ግራጫው ፊት ቆሜ አነበብኩት፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

አዋላጇ ራካን፣ ታላቄ ስለሆነች ኤጄ የምላት፣ ቅሬታሽን በቁጥር አድርጊው፣ ሹም ቁጥር ካላየ አያነብም ብላኛለችና በቁጥር ላድርገው።

አንደኛ፣ መኪናችንን ስለወሰዳችሁልን። አንድ አምቡላንስ ነበረችን፣ ሾፌሩ ሹምካር ነው፣ ታላቄ ስለሆነ ባይኬ እለዋለሁ፣ በመስከረም ደብዳቤ መጣለትና ወደ ቦሎት ከተማ ይዟት ሄደ፣ ሴቶቹ መንገድ ላይ ቆመው ወዴት ነው ቢሉት «እኔን አትዩኝ፣ ካርታው ነው» አለ። ቦሎት ከእኛ በመኪና መንገድ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ነው፣ ከተራራው ማዶ፣ በፊትም አንድ አምቡላንስ ነበራቸው አሁን ሁለት ሆነላቸው፣ ሆስፒታሉም እዛው መንገዱን ተሻግሮ ነው። ባለፈው ሹምካር ባይኬ ደውሎ «አይጃርኪን፣ ቀኑን ሙሉ መስታወት ነው የምወለውለው፣ እዚህ ሰው ሲታመም በእግሩ ተሻግሮ ይገባል» አለኝ። መስታወቷ በደንብ ስለተያዘ ደስ ብሎናል።

ሁለተኛ፣ ይሄኛው የእኔ ነው፣ እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡት። በሐምሌ ጥናታችሁን በስልክ ስትሠሩ አገሩ ሁሉ ከብቱን ይዞ ተራራ ላይ ነበር፣ እዛ ስልክ አይሠራም፣ መንደር ውስጥ የቀረነው እኔና የባሌ እናት አፓ፣ ሌሎችም ጥቂት ሽማግሌዎች ነን፣ ስልክ ያነሳሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ኤልዛት የምትባል ልጅ ናት የደወለችው፣ ድምጿ እንዴት ደስ ይላል፣ «የመንደርዎን ስም ይንገሩኝ» አለችኝ። የመንደራችን ስም ደግሞ የባሌ ቅድመ አያት ስም ነው። እርስዎም ኪርጊዝ ነዎት፣ ሙሽራ የባሏን ቤት ትልልቅ ሰዎች ስም በአፏ እንደማታነሳ ያውቃሉ። ስሙ ብረት ማለት ስለሆነ እኔ የብረት ድስት እንኳን ስፈልግ ጥቁሩ ድስት ነው የምለው፣ ካገባሁ አራት ዓመት ሙሉ ብረት የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር። አፓ አጠገቤ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ምን ልበል፣ በእሱ ፋንታ አረብ ብረት የሚባልበትን ቃል አነሳሁ፣ ቦሎት አልኩ፣ በቤታችን እንደዛ ነው የምለው ሁሉም ይገባዋል። ኤልዛት «ስንት ቤት አለ?» አለች፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት አልኩ። አፓ «ማናት?» አለችኝ፣ ሻጭ ናት መሰለኝ አልኳት። እንዲህ አድርጌ ነው ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤት አንስቼ ተራራ ማዶ ያስቀመጥኩት፣ በአራት ደቂቃ ስልክ። አሁን ግን እጽፈዋለሁ፣ መጻፍ እንደ መናገር ላይቆጠር ይችላል፣ ቴሚር። መንደራችን ቴሚር ነው።

መንደሩ ሁሉ ማን እንደሠራው ሳያውቅ መኪናዋን የወሰደውን ሰው ይረግማል፣ እኔም አብሬ አሜን እላለሁ።

ሦስተኛ፣ ለማስተካከል ስደውል ስላደረጋችሁልኝ መስተንግዶ። ጓዳ ገብቼ በሹክሹክታ ቴሚር ብዬ ተናገርኩ፣ ኤልዛት «መዝገቡ ቴሚር ነዋሪ የለውም ነው የሚለው» አለችኝ፣ እኔ ነኝ እኮ ነዋሪው አልኳት፣ «እርስዎ በሐምሌ ቦሎት ነኝ ብለዋል፣ ድምፅዎ ተቀድቷል፣ የተሳሳተ መረጃ ሰጥቻለሁ ብለው ይፈርሙና ለሕግ ክፍል እንልከዋለን» አለች። የሕግ ክፍል ስትል መፈረሙን ተውኩት። ደግሞ አጽናናችኝ፣ ለማንኛውም ከቦሎት በተሳለው ክብ ውስጥ ነዎት፣ በካርታው ላይ በቀጥታ ሲለካ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው አለች። ክቡ ተራራውን ዘሎት ነው የመጣው። እኔ አልዘልም፣ በተለይ አሁን።

ጭንቀቱ ሲበዛብኝ ለአፓ ነገርኳት። ትገድለኛለች ብዬ ነበር፣ እሷ ግን «ስሙን አለማንሳትሽ ደግ ነው፣ ግን ምን ቦሎት አስባለሽ፣ ጠንካራው መንደር አትይም ነበር?» አለችኝ። ከዛ ራሷ ስልኩን ተቀብላ ደወለች።

«ከየት ነው እናቴ?» አለቻት ኤልዛት።

«ከጠንካራው መንደር።»

«እንደዛ የሚባል መንደር የለንም እናቴ።»

«እንዴት የለም የኔ ልጅ፣ አርባ ዓመት ተቀምጬበታለሁ።»

አፓም እኮ ለዚሁ ቤት ሙሽራ ሆና የገባች ናት፣ ስሙን እሷም አታነሳም። ኤልዛት ስልኩን ዘጋችባት።

አራተኛ ይሁን አምስተኛ እንጃ፣ ሆዴ ነው። ራካን ኤጄ ዳስሳኝ ልጁ በአግድም ተኝቷል አለች፣ በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው፣ ምጥ ከጀመረሽ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ካልደረስሽ ብላ ቀሪውን አልጨረሰችውም፣ ፊቷን አዙራ እጇን ታጠበች። ሆስፒታሉ ቀኑ ሳይደርስ አልጋ የለም ይላል፣ ከተማ ዘመድ የለኝም፣ ባሌ ማክሳት ሩሲያ የግንባታ ሥራ ላይ ነው ያለው፣ ቶሎ ልመጣ ነው እያለ በስልክ ያለቅሳል፣ እኔው ነኝ የማባብለው። ወደ ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ ሐሙስ ሐሙስ ነው፣ በረዶ ከወረደ ሐሙስም የለም። ስለዚህ ልጁን ሐሙስ ና ብዬዋለሁ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ እንደ እናንተ ሰው ሲናገር የሚሰማ ከሆነ እንጃለት።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ፈርሚ ካላችሁኝ ይኸው እፈርማለሁ፣ የሕግ ክፍልም ይምጣ፣ ግን በአምቡላንሷ ቢመጣ ደስ ይለኛል።

ለሰጡኝ ጊዜና ለሚያምረው ካርታዎ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ ከእነ ቤተሰብዎ፣ ሆስፒታልም ሁልጊዜ ከበርዎ አጠገብ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።

ትሑት አገልጋይዎ፣ በግራጫው ላይ የምኖረው
አይጃርኪን፣ የማክሳት ሚስት

የረሳሁት፦ ኤልዛት የሚቀጥለው ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ብላኛለች። እኔና ልጁ እስከዛ ካልቆየን ግን አዲስ ጥናት ማካሄድ አያስፈልጋችሁም፣ ካልተሸፈነው ሕዝብ ላይ ሁለት ብቻ ቀንሱ፣ መቶኛው ራሱ ከፍ ይላል።